ከጤፉ በፊት ጀሪካኑ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። የላኩልን ጎንደር፣ አዘዞ ተከራይተው የሚኖሩ እናት ናቸው። ቤት ውስጥ ባለቤታቸው፣ ሁለት ተማሪ ልጆች፣ የ8 ወር ሕፃንና ኢንሱሊን የሚወስዱ እናታቸው አሉ። «የአዋሽ ፈንታሌን የመሬት መንቀጥቀጥ ከሰማን ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ አስቤዛ ማከማቸት ይዟል። እኛም ገንዘብ ተበድረን 2 ኩንታል ጤፍና 1 ኩንታል ስንዴ ገዝተን መኝታ ቤት ልናስቀምጥ አስበናል። ባለቤቴ የነቀዝ ክኒን እናስገባበት ይላል። ለክፉ ቀን ምን ያህል ብናከማች ይበቃናል?»

እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ሁለት ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርዎ። ክኒኑ ቤታችሁ እንዳይገባ። ብድሩም ይቅር።

ከክኒኑ ልጀምር። ገበያ ላይ «የነቀዝ መድኃኒት» እየተባለ የሚሸጠው፣ ብዙ ሰው ፎስቶክሲን የሚለው ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ሰውንም ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። አንዳንዴ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ዓይነት ሽታ አለው። ካልሸተተ ግን የለም ማለት አይደለም። ሰው እንደተኛ ሊጨርስ ይችላል፤ ሕፃን ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። የኪራይ ግቢ ውስጥ ነገሩ ይከፋል። ክፍሎቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፣ ኮርኒሱ ይገናኛል፣ ግድግዳው ስንጥቅ አያጣም። እናንተ ቤት የገባ ክኒን ጎረቤት የተኛ ልጅ ጋ ሊደርስ ይችላል። ይህ ነገር ሰው ለማያድርበት መጋዘንና ለሠለጠነ ሰው እጅ የተሠራ ነው።

ምናልባት ቀድማችሁ አስገብታችሁ ከሆነ ሰዉን ሁሉ አስወጡ። በርና መስኮቱን ክፈቱ። ክኒኑ ላይ ውሃ እንዳታፈሱበት፤ ጋዙን ያብሰዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ ወይም የደረት መጨነቅ የተሰማው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ምን እንደነካውም ለሐኪሙ ንገሩ።

በዚያ ላይ ለጤፍ ጨርሶ አያስፈልግም። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። ገበሬዎቻችን ሽምብራን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሲሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል። ለስንዴው ደግሞ ፒክስ የሚባል ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት አለ። ውስጡ ሁለት ላስቲክ፣ ውጭው ማዳበሪያ ነው። አንድ በአንድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ብቻ ነው። አየር ስለማይገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ፒክስ ካጡ ንጹሕና ደረቅ የውሃ ጀሪካን እስከ አፉ ሞልተው ክዳኑን ማጥበቅም ይሠራል። እህሉ ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ካላለ ገና ነው፤ እርጥቡን ካሸጉት ይሻግታል። የሻገተ እህልም ሆነ በርበሬ ታጥቦና ተሰጥቶ አይድንም። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ይጣል።

አሁን ወደ ስጋቱ። የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ በ2017 ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። መደንገጣችሁ አይገርመኝም። ያ አካባቢ ግን ስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ መሬቱ ራሱ በሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ነው። ጎንደር ከዚያ ርቃ ሰሜን ምዕራብ ደጋው ላይ ናት። ፈጽሞ አይነካንም አልልም። ከባድ ዕቃ ከራስጌ በላይ አታስቀምጡ፤ ከረጢትም አልጋ አጠገብ አትቆልሉ፤ ይህ በማናቸውም ጊዜ ጥሩ ነው። የጎንደር ቤተሰብ ቶሎ የሚገጥመው ችግር ግን ሌላ ነው። መንገድ ይዘጋል። መብራት ይጠፋል። ውሃ ይቋረጣል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራን ያጥለቀልቃሉ፤ የባሕር ዳር መንገዳችን ደግሞ በወረታ ነው የሚያልፈው። በ1998 ክረምት ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ ምን እንደሆኑ ያየ ሰው አይረሳውም። በ2015 ክረምት ግጭቱ ሲመጣ ኢንተርኔት ጠፋ። በዚያው ክረምት ቋራ ላይ፣ በርሚል ጊዮርጊስ ጸበል፣ ኮሌራ ገባ።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ሳያቸው ቤተሰብን የሚያስጨንቁት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ግባችሁ 2 ሳምንት ይሁን። እሱ ሲሞላ ወደ አንድ ወር ማሳደግ ይቻላል። ለዓመት የሚሆን እህል በብድር መግዛት ግን ለአደጋ መዘጋጀት አይመስለኝም። አደጋው ቢመጣ ዕዳ ይዛችሁ ነው የሚያገኛችሁ። ባይመጣም ዕዳው አይቀርም።

ለመሆኑ 2 ኩንታል ጤፍ ቤት ቢኖር፣ መብራትና ውሃ ቢጠፋ፣ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ቆሟል። ዱቄቱ ቢኖር እንኳ ለማቡካት ውሃ ያስፈልጋል። ቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ አይሠራም። እንጨት ካለ ደግሞ ምጣዱን ማስማት ብቻውን ስንት እንጨት ይፈጃል! እህል የሞላበት ቤት ልጅ ተርቦ ሊያድር ይችላል ማለት ነው። ከጤፉ በፊት ጀሪካኑ የምለው ለዚህ ነው።

ውሃ ጎንደር ላይ በደህናው ቀንም በፈረቃ እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። ለከተማችን ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው ነው። ሕዝቡ በየጊዜው ጨምሯል። በአደጋ ጊዜ ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለንጽሕና በጣም ቢቆጠብ ለአንድ ሰው በቀን 7 ሊትር ተኩል ያስፈልጋል፤ ደህናው ልክ 15 ሊትር ነው። ሕፃኑን ትቼ አምስት ናችሁ። ቆጥባችሁ በቀን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትፈልጋላችሁ። ለአንድ ሳምንት 14 ጀሪካን፣ ወይም አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜልና 4 ጀሪካን። የሁለት ሳምንት ውሃ ለተከራይ ቤት ይከብዳል። የአንድ ሳምንቱን ያዙና ሌላውን በማጣራት አሟሉት።

ጀሪካኑ የምግብ ዘይት የነበረበት ቢሆን በሳሙና ደጋግሞ ታጥቦ ያገለግላል። ቤንዚን፣ ላምባ ወይም የእርሻ ኬሚካል የነበረበት ግን ምንም ቢታጠብ ለውሃ አይሆንም። በርሜልም ሲገዙ ምን እንደነበረበት ሳያረጋግጡ እንዳይገዙ። ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ደግሞ ቆሞ አይክረም። ከአንዱ እየተጠቀሙ በመጣው ውሃ እየሞሉ ማዞር ነው። እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜም አዲስ ውሃ አላችሁ።

ማፍላት ሲባል ብዙ ሰው ጢስ ጢስ ሲል ያወርደዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ከድፍርስ ውሃ ጋር ከተገናኛችሁ ቀድሞ ይጥለል፣ ከዚያ በታጠፈ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠለል። ማገዶ ከሌለ የውሃ ማከሚያዎቹን ውሃ አጋርን ወይም አኳታብስን ጀርባው ላይ በተጻፈው ልክ ተጠቀሙ።

በረኪናም ይሆናል፤ ሽታ ያልተጨመረበትና 5 በመቶ የሚለው ብቻ። ለ1 ሊትር ጥሩ ውሃ 2 ጠብታ ነው። ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ፣ ማለትም 2 ሚሊ ሊትር ያህል። ከፋርማሲ አንድ ስሪንጅ ገዝታችሁ መርፌውን አውጡና ለዚህ ብቻ ለዩት፤ በማንኪያ ግምት አትሥሩ። ደፍርሶ የነበረ ከሆነ ልኩ እጥፍ ይሁን። 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ትንሽ የበረኪና ሽታ ከሌለው ያንኑ ልክ ደግመው 15 ደቂቃ ይጠብቁ። በረኪና ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። የገዙበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ፤ ከዓመት ያለፈውን ለልብስ ያውሉት። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ ከአቼቶ ጋር እንዳይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ክረምት ከሆነ ደግሞ ሰማዩ ራሱ ይሰጣል። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 400 ሊትር ነው። ብክነቱን ቀንሰን 300 ይያዛል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ስለሚያጥብ ይፍሰስ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አጠራቅሙ። ለልብስና ለዕቃ እንዲሁ ይሆናል፤ ለመጠጥ ይፍላ።

ምግቡ ከዚህ በኋላ ይቀላል። በዕርዳታ ሥራ የሚሠራበት ልክ ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬ፣ 25 ግራም ዘይትና 5 ግራም ጨው ነው። ለአምስት ሰው ለ2 ሳምንት ስናሰላው 28 ኪሎ እህል፣ 4 ኪሎ ከሩብ ያህል ጥራጥሬ፣ 2 ሊትር ዘይትና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ጨው ይሆናል። አያችሁት? 3 ኩንታል ከዚህ ጋር አይገናኝም። እህሉን ግን ሁሉንም ጤፍ አታድርጉት። ግማሽ ያህሉ ውሃም እሳትም ብዙ የማይፈልግ ይሁን። በሶ በውሃ ተበጥብጦ፣ ጨውና በርበሬ ገብቶበት፣ ያለ እሳት ያጠግባል። ድርቆሽ አለ፤ ዋናው ነገር ፀሐይ ላይ ድርቅ ማለቱ ነው፣ መሐሉ እርጥብ የቀረ እንጀራ ይሻግታል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለልጆቹ። ከጥራጥሬ ምስርና ሽሮ ቶሎ ይበስላሉ። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ተነክረው ካደሩ ማገዶ ይቆጥባሉ። የጾም ወቅት ከሆነ ጥራጥሬውን ጨመር አድርጉ። ጤፉን በዱቄት የያዛችሁትን ቀድማችሁ ተጠቀሙ፤ ዱቄት እንደ ፍሬው አይቆይም። ከረጢት መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ከሥሩ ረብራብ ይደረግለት፣ ከግድግዳም ራቅ ይበል። ዘይትና አዮዲን ያለው ጨው ከብርሃንና ከእሳት ይራቁ።

ስለ ጥራጥሬ ካነሳን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጓያ። ድርቅንም ጎርፍንም ስለሚችል፣ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ገበያ ላይ አይጠፋም። ርካሽም ነው። ደምቢያና ፎገራ ላይ በክፉ ዘመን ጓያን ዋና ምግብ ያደረጉ ብዙ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ነርቭ ይጎዳል፤ የተጎዳው እግር ደግሞ አይመለስም። በብዛት የሚያጠቃው ወጣቶችንና በጉልበት የሚያድሩ ወንዶችን ነው። ቀምሶ የታመመ የለም፤ የሚጎዳው በየቀኑ፣ ለወራት፣ ሌላ ሳይቀላቀልበት ሲበላ ነው። ለዚህ ነው ለአደጋ ብላችሁ ጓያ በከረጢት አታከማቹ የምለው። ሽሮውንም ከተቻለ ራሳችሁ አስመርጣችሁ አስፈጩ፤ የተፈጨው ሽሮ ጓያ እየተቀላቀለበት የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ሌላ ጠፍቶ እሱ ብቻ ከተገኘ በብዙ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉት፣ ከእህል ጋር ቀላቅሉት።

ወደ እናትዎ ልምጣ። ለእኔ ከቤታችሁ ሁሉ የሚያሳስበኝ የእሳቸው ኢንሱሊን ነው። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል እሱን እመርጣለሁ። ክትትል የሚያደርጉበት ቦታ ሄዳችሁ መንገድ ቢዘጋስ ብላችሁ ሐኪሙን አማክሩ፤ ቢያንስ የአንድ ወር ተጨማሪ ቤት እንዲኖር። ስሪንጁም አብሮ ይቆጠር። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ፣ ማለትም ፍሪጅ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። በረዶ ቤት አይገባ፤ አንዴ በረዶ ከሆነ አይሠራም። ተከፍቶ በጥቅም ላይ ያለው ሙቀት በሌለበት ቦታ ለ28 ቀን ያህል ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት። ከቆየ ሁለት ሸክላ ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጉ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሙሉበት፣ አሸዋውን በየቀኑ አርሱት። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከውስጠኛው አስቀምጡና እርጥብ ጨርቅ ሸፍኑበት። ጥላና ነፋሻ ቦታ ይሁን። በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ በደንብ ያቀዘቅዛል። ምግብ በሚያንስበት ቀን መርፌውን በምን ልክ መውሰድ እንዳለባቸው ቀድማችሁ ከሐኪማቸው ጠይቃችሁ በወረቀት ያዙ። ስኳር ሲወርድ የሚቀመስ ስኳር ወይም ማር ሁልጊዜ አጠገባቸው ይኑር።

ሕፃኑ ጡት የሚጠባ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትልቁ ነገር ተሟልቷል። ጡቱን እንዳያቋርጡ። ለክፉ ቀን ብለው የዱቄት ወተት ቢያስለምዱት ንጹሕ ውሃ በጠፋበት ቀን የሚያመጣው ተቅማጥ ይብሳል። ለተጨማሪ ምግቡ የተመጠነ የገንፎ ዱቄት ይያዙ። እርስዎም ይጠጡ፤ የውሃው ቁጠባ አጥቢ እናት ላይ አይሁን። ተቅማጥ ሲይዝ የሚጠጣውን፣ ለምለም የሚባለውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጥቂት ፓኬት ግዙ። ካለቀ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠብጣሉ። ከዚህ በላይ ጨው አይጨመር።

ከሰል አንድ ማዳበሪያ በቂ ነው፤ ላቀች የሚባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ካለ የበለጠ ይቆያል። ብቻ በነሐሴ ብርድ የተቀጣጠለ ከሰል ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት አይለመድ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ቤንዚን ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። ላምባ ካለም የውሃ ጀሪካን በሚመስል ዕቃ አይሁን፤ ልጅ ይጠጣዋል። ከዚህ ሌላ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የሶላር መብራት፣ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም ኤቲኤምም ስለማይሠራ ጥሬ ብር፣ በተለይ ዝርዝሩ፣ ለብቻው ይቀመጥ።

አገዛዙን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ በሚሻማበት ሳምንት ገበያ አትውጡ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ሲባል ሎሚና ነጭ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ሰማይ ነኩ። ያኔ የተጎዳው የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚገዛው ጎረቤታችን ነው። እናንተ ግን ጊዜ አላችሁ። በዚህ ወር ጀሪካኑን፣ በረኪናውንና የእናትዎን መድኃኒት። በሚቀጥለው ደመወዝ በሶ፣ ምስር፣ ዘይትና ጨው፤ ከተለመደው አስቤዛ ላይ ጥቂት ጥቂት በመጨመር። ከዚያ ከሰሉንና መብራቱን። ጤፍ በብዛት መግዛት ከፈለጋችሁ በዕቁብ አጠራቅማችሁ አዲሱ እህል ከአውድማ በሚገባበት በጥርና በየካቲት ይሁን፤ ክረምት ላይ ዋጋው ከፍ ይላል። የምታስቀምጡት ሁሉ ቤታችሁ የሚበላው ይሁን። ከፊት ያለውን እየበላችሁ አዲሱን ከኋላ አስገቡ።